የጋሽ ሱሬሽ ድርሻ

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 2020 ነው፤ እኔ አስር ዓመቴ ነበር።

ያን ዓመት ያነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ በሽታው ነው። እኔ ስለ በሽታው አልጽፍም፤ የጻፈው ብዙ ነው። እኔ የምጽፈው ከግድግዳችን ማዶ ስለነበረ ከበሮ ነው። ያስታወሰኝ ደግሞ የሕፃን ፓውደር ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቤት የልጅ ልጄን አጥበው ፓውደር ሲነሰንሱበት ሽታው መጣብኝና፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቬጋስ፣ የድሮ ሰፈራችን ሲልቬራዶ ራንች ሄጄ የጋሽ ሱሬሽ በር ላይ በካልሲ ቆምኩ። «ምነው ዝም አሉ? አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም፤ እስክሪብቶ አምጡልኝ አልኩ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ግድግዳው ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እማ ከኛ ኩሽና ሆና «ይማርህ» ትለው ነበር። እማ ካዚኖ ውስጥ ዲለር ነበረች፤ ካርታ ታድላለች። አባ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሁለቱም ባንድ ሳምንት ቤት ገቡ። አባ ብዙ አልተቀመጠም፤ ኤፔክስ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የሌሊት ሺፍት አገኘ። ጠዋት ይመጣል፣ ይበላል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፣ ይተኛል። እኛ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ እንኖራለን። ትምህርቴ በታብሌት ነው፤ አስተማሪዬ ስትጠራኝ በሹክሹክታ ስለምመልስላት ጉሮሮዬን ያመመኝ እየመሰላት ትጠይቀኝ ነበር።

አባ ገና ጋደም ከማለቱ ግን ከማዶ ይጀመራል። ዱም፣ ታክ፣ ዱም፣ ታክ።

«ይሄ ሰውዬ ሥጋ ነው የሚከተክተው?» አለ አባ አንድ ቀን ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ።

«ከበሮ ነው» አለች እማ።

«ሰርግ አለበት?»

«በዚህ ጊዜ ደግሞ ማን ያገባል?»

«ናቲ፣ ሂድና አባቴ ተኝቷል በለው። በሥርዓት።»

በሩን የከፈተልኝ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ማስኩ ባንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጁ እስከ አንጓው ድረስ ነጭ ነው። ዱቄት ሲያቦካ የደረስኩበት መሰለኝ፤ ግን የሚሸተው ሕፃን ሕፃን ነው። የተላክሁትን ስነግረው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እኛ ቤት ራሱን የወዘወዘ ሰው እምቢ ማለቱ ነው። ተመልሼ «እምቢ አለ» አልኩ። አባ ሱሪውን እየታጠቀ ወጣ፤ እማ «ታዴ፣ ተው፣ ማስክህን አድርግ» እያለች ተከተለችው።

ሲደርሱ ሽማግሌው አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከበሮው ላይ ጨርቅ ደርቤ በቀስታ ነው የምመታው አለ። እንዲህ እያለም ራሱን ይወዘውዛል። ለካ የሱ አገር ሰው እሺ ሲል እንደዚያ ነው። አባ ጣፋጩን እያኘከ ተመለሰና «አንተ ልጅ፣ ጦርነት ልታስነሳ ነበር» አለኝ።

ጨርቅ የተደረበበት ከበሮ ሌላ ነገር ነው። ሩቅ ያለ ሰው ልብ ይመስላል። አባ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ከበሮው ሳይጀምር አይተኛም ነበር።

እማ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበችው። «ሕንድ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው አስተማሪ ነው።» እሷ ባደገችበት ከተማ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ያስተማሩት ሕንዶች ነበሩ፤ ጠመኔ ያልያዘ ሕንድ አይታ አታውቅም። እኔ ያን ሰሞን ፍራክሽን ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። በማግስቱ ወረቀቴን አስያዘችኝና «ጋሽ ሱሬሽ እባክዎ ያስጠኑኝ በል» ብላ ላከችኝ።

ጋሽ ሱሬሽ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ አየው። ገለበጠና ጀርባውንም አየው። ከዚያ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ከበሮዎቹን ጎተተ። ሁለት ናቸው፣ ጥንድ ናቸው፣ ታብላ ይባላሉ። ትንሹ እንጨት ነው፤ ትልቁ እንደ ድስት ሆዱ የተነፋ ብረት ነው። ሁለቱም ቆዳቸው መሐል ጥቁር ክብ አላቸው። ድስት ተጥዶባቸው የተቃጠሉ መሰለኝና አዘንኩለት።

«አሥራ ስድስት ምት ነው» አለኝ። «ለአራት ክፈለው። እያንዳንዱ ቤት ስንት ያገኛል?» መጀመሪያ በአፉ ይለዋል፣ ከዚያ በጣቱ ይመታዋል። ዳ ዲን ዲን ዳ። ግማሹን አስቀረና «የቀረው የት አለ?» አለኝ። የቀረው ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሩቡን አስቀረ፤ እሱንም ሰማሁት። በወረቀት ያልገባኝ ነገር ጉልበቴን እየመታሁ ገባኝ። አስተማሪዬ አመሰገነችኝ፤ እማ «አላልኩህም? አስተማሪ ነው» አለች፣ እንደ ተወራረደች ሰው።

እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ጋሽ ሱሬሽ መምታቱን ሲጨርስ እጆቹን አንዴ ያጨበጭባል፣ መዳፎቹን ይዘረጋል፣ ይገለብጣቸዋል፣ እንደገና ይዘረጋቸዋል። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እማ ቤት ውስጥ ከምግብ ስትነሳ እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ትንሽ ሆኜ የጸሎቱ መዝጊያ ይመስለኝ ነበር፤ አሜን ተብሎ አንዴ ይጨበጨባል፣ መዳፍ ይታያል። ትንሽ ከፍ ስል ነው የነገረችኝ፦ ዲለር ከጠረጴዛው ሲነሳ ቺፕ የሚባለውን የቁማር ሳንቲም እንዳልደበቀ ለጣሪያው ካሜራ እጁን ያሳያል። ከልምዷ ብዛት ሳታውቀው ነው ቤት ይዛው የምትመጣው።

ነገሩ ተፈታልኝ። «እማ፣ ጋሽ ሱሬሽ አስተማሪ አይደለም። ዲለር ነበር።»

«ማን አለህ?»

«እጁን እንዳንቺ ያሳያል።»

ትንሽ አሰበችና «ሒሳቡ ለካ ለዚህ ነው» አለች። ጣቱ ቆዳው ላይ እንዲንሸራተትለት የሚቀባውን ፓውደር ሰውዬው ከእጁ ላይ እያራገፈ እንደሆነ ለሁለታችንም አልታየንም።

በጋው ሲገባ ካዚኖው ከፈተና እማን መልሰው ጠሯት። በፕላስቲክ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ካርታ ታድላለች። ዕረፍቷ በሆነ ቀን የምስር ወጥ ሠርታ ለጋሽ ሱሬሽ ወሰደችለት፤ ሥጋ እንደማይበላ ነግሬያት ነበር። በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አራርቀው ተቀመጡ። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በኛ ቋንቋ ነው የምጽፈው።

«ጋሽ ሱሬሽ፣ እናንተ ጋ ቲፑን እንዴት ነበር የምትካፈሉት?» አለችው፣ ባለሙያ ለባለሙያ።

«ምን መካፈል አለ? እሷ ናት የምትወስደው።»

«እሷ ማን?»

«ፊት ለፊት የምትቀመጠዋ።»

እማ አለቃው መሰለቻት። «አለቃ ቲፕ ትነካለች? ይሄ እኮ ያስከስሳል። ለእርስዎስ?»

«ለእኔ ሻርፕ ታለብሰኛለች።»

«ምን ታለብስዎታለች?»

ተነስቶ ገባና ቁም ሣጥኑን ከፈተልን። ከላይ እስከ ታች የትከሻ ሻርፕ ነው፤ ወርቃማ ጥለት ያለው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ከነላስቲኩ። ሱቅ ያለው መሰለኝና ለእማ ልደት አንዱን ልገዛት በልቤ መረጥኩ። እማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ካባ መሆኑ ነው? በደመወዝ ፈንታ ካባ? ይሄ የትኛው ካዚኖ ነው?»

«የምን ካዚኖ?» አለ ጋሽ ሱሬሽ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዲለር ነበር ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ጋሽ ሱሬሽ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪስል ሳቀ፤ በዚያ ዓመት ሰው ሲስል አብሮት የሚስቅ ስለሌለ እኔና እማ እስከ ደረጃው ድረስ አፈገፈግን። ሳቁ ሲያልፍ ነገረን። አስተማሪ አይደለም፣ ዲለርም አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ሞቴል ውስጥ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነበር። ከበሮውን ከአባቱ ነው የተማረው። በነሱ ሙዚቃ አንዱ ይዘፍናል፣ ከበሮ መቺው በጎኑ ተቀምጦ ያጅበዋል። እሱ የሚያጅባት ወይዘሮ ማላ የምትባል ዘፋኝ ናት፤ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን አዳራሽ ስለተዘጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቷ ጋራዥ በላይቭ ያስተላልፋሉ፤ ያየ ሰው በስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ የሚላከው ለሷ ነው። ስትፈቅድ ትንሽ ነገር ትሰጠዋለች፤ ሳትፈቅድ ሻርፕ አለ፤ እነሱ ጋ ሻርፕ ማልበስ ማክበር ነው።

እማ አልሳቀችም። «እርስዎ ባይመቱ እሷ ምን ትሆናለች?»

«ልትዘፍን ትችላለች። ግን የት እንደደረሰች የሚነግራት የለም።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቁም?»

«አጃቢ ዋጋ አይጠራም። የተሰጠውን በሁለት እጁ ይቀበላል። አባቴም እንደዚሁ ነው የኖረው።»

«አባትዎ የቬጋስ ሪንት ከፍለው ያውቃሉ?»

የዚህን መልስ በኋላ ለኔ ብቻ ነገረኝ። ኪራዩ ጨምሯል፤ ጡረታው አይደርስበትም። ሴት ልጁ ቴክሳስ ናት፣ ናና ከኔ ጋር ኑር እያለችው ነው። «ጥሩ ልጅ ናት» አለኝ። «አልጋ አዘጋጅታልኛለች። ግን እዚያ የማጅበው ሰው የለም። ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ፣ ከዚያ እሞታለሁ።» ሽማግሌ ለልጅ እንዲህ አይልም። እሱ ግን አለኝ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የኪራይ ነገር ያሳስበኝ ጀመር።

አውቶቡስ መሳፈር ያስፈራ ስለነበር ቅዳሜ እማ ልታደርሰው ተነሳች። እኔም ገባሁ። ወይዘሮ ማላ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ነው የምትኖረው። ክፉ ሴት ትመስለኝ ነበር፤ አይደለችም። ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ገና ሳልወርድ ጁስ ያቀበለችኝ ሴት ናት። የባሏ ሱቅ ተዘግቷል፤ የምታስተምራቸው ልጆችም ግማሾቹ ቀርተውባታል። ጋራዡን በስጋጃ አስጊጣዋለች። ስልኩን የሚይዘው እንጨት ግን ማራገቢያው በነፈሰ ቁጥር ይወድቃል። «አንተ ቁመትህ ደህና ነው፣ ያዝልኝ» አለችኝ።

መዝፈን ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና አንዲት ቃል ይዛ ብዙ ቆየች። ለአስር ዓመት ልጅ ዓይኗን የጨፈነች ሴት ምኗ ይታያል? የጋሽ ሱሬሽ ጣቶች ግን፣ እማ ካርታ ስትበውዝ እንዳሉት ናቸው፤ ልትከተላቸው ስትል አልፈውሃል። ሳላውቀው ስልኩ ወደዚያ ዞረ። ኮመንት ይዘንብ ጀመር፦ «ዘፋኟን አሳዩን»፣ «አይ፣ እጁ ላይ ተዉት»፣ «ከበሮ መቺው ማነው?» ገንዘብ የላከ ሰው ስሙ በአረንጓዴ ብልጭ ይላል፤ እጁን ሳሳይ አረንጓዴው በዛ። እኔ ትራፊክ መብራት መስሎኝ ቀጥል የተባልኩ ያህል ቀጠልኩ።

ሲያልቅ ወይዘሮ ማላ ሰማያዊ ሻርፕ አመጣችና ትከሻው ላይ አደረገችለት። ጋሽ ሱሬሽ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። እማ ደጅ መኪናው ላይ ተደግፋ ቆይታ ነበር፤ ጠጋ አለች።

«ዛሬ ቲፑ ጥሩ ነበር?» አለቻት።

«ተመስገን፣ በጣም ጥሩ ነበር።»

«የጋሽ ሱሬሽስ ድርሻ?»

ጋሽ ሱሬሽ ከበሮውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር፤ እጁ ቆመ። ወይዘሮ ማላ ፈገግታዋን አልለቀቀችም። «ሱሬሽ ወንድሜ ነው። ለወንድም ዋጋ ይቆረጣል?»

«ለወንድም ነው እንጂ። ለባዳማ ማን ይጨነቃል?»

«አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ሻርፕስ ጠይቆሽ ያውቃል?»

ፈገግታው ያኔ ሄደ። «እኔ የምዘፍነው እንጂ የምነግደው የለኝም» አለች። «ካስፈለገ ማሽን አለ። ስልኬ ላይ ታብላ የሚመታ አለኝ፤ ሊፍት አይፈልግ፣ ጠበቃ ይዞ አይመጣ።»

ቤት ስንደርስ ደረጃው ላይ ጋሽ ሱሬሽ ዞሮ እማን «አዋረድሽኝ» አላትና በሩን ዘጋ።

ከዚያ ከበሮው ቆመ።

አባ ጋደም ይላል፣ ይገላበጣል፣ ይነሳል። «ሰውዬው ታሟል?» «አልታመመም፣ ተቀይሞኛል።» «አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ ለሱ ሲሟገት የኔን እንቅልፍ ይዞት ሄደ።» አባ ዓይኑ ቀልቶ ኤፔክስ ይሄዳል፣ ቀልቶ ይመለሳል። አንድ ጠዋት ጋሽ ሱሬሽ ደረጃው ላይ አግኝቶት ከዌርሃውስ ባዶ ካርቶን እንዲያመጣለት ለመነው፤ ዕቃውን ሊያሽግ ነው። አባ ካርቶኖቹን አመጣና ከሶፋችን ጀርባ ደበቃቸው። በየቀኑ ሲጠየቅ «ዛሬም አላገኘሁም» ይላል። አባ ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ነው፤ አያውቅበትም፣ እግሩን እያየ ነው የሚዋሸው።

እኔ በሩን አንኳኳሁ፤ አልከፈተም። በማግስቱም አልከፈተም። እሺ አልኩ። ትምህርት ከዕረፍት ተመልሶ ነበርና ታብሌቴን ይዤ በሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ትምህርቴን እዚያው ተማርኩ። ፍራክሽኑን ጮክ ብዬ ነው የምሠራው፣ ሆን ብዬ አበላሽቼ። «የአሥራ ስድስት ሩብ አምስት ነው!» በሩን አየሁ። «የአሥራ ስድስት ግማሽ ዘጠኝ ነው!» ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «ዘጠኝና አምስት አሥራ ስድስት ይሆናል!»

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩት። አስገባኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ የወይዘሮ ማላን ላይቭ በታብሌቴ ከፈትኩበት። አላይም ብሎ ጀርባውን ሰጠ፤ ጆሮውን ግን መስጠት አልቻለም። ማሽኑ ይመታል። ንጹሕ ነው፣ አይሳሳትም። ወይዘሮ ማላ ዓይኗን ጨፍና ያቺን ቃል ይዛ ቆየች፣ ጎተተቻት፣ ልትመልሳት ስትል ማሽኑ አልፏታል። ዓይኗን ከፈተች። ወደ ግራዋ አየች። ምንጣፉ እንደተነጠፈ ነው፣ ሰው የለበትም። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ወደዚያው አየች።

ዞር ስል ጋሽ ሱሬሽ በጣቶቹ የወንበሩን እጀታ እየመታ ነው። ስትጎትት ያዘገያል፣ ስትመለስ ይቀበላታል።

«ማሽኑ ለምን አይጠብቃትም?» አልኩት።

«አይሰማትማ» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ጉንፋን ይዟታል። ውሃ መጠጣት ነበረባት» አለ።

ወይዘሮ ማላ የመጣችው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው፣ አንድ ከሰዓት፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ። ደረጃውን ወጥታ ስታለከልክ በር የከፈተላት አባ ነው፤ እንቅልፍ ስለሌለው በር የሚከፍተው እሱ ሆኖ ነበር። በር ተሳስታ የኛን ነበር ያንኳኳችው። በምልክት ወደ ቀኝ አሳያት፤ ሄዶ ግን አልተኛም። እኛም ሁላችን ወጣን። እማ ለሺፍት ለብሳ ነበር፣ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ።

«ወንድሜ» አለችው ወይዘሮ ማላ፣ «ስንት እንደምትፈልግ ንገረኝ፣ እሰጥሃለሁ።»

ጋሽ ሱሬሽ ራሱን ወዘወዘ። ይሄኛው መወዝወዝ እንደኛ ነው፣ እምቢ ነው። «አልጠራም።»

«እኔስ ስንት ልበል? ባሳንስ ስድብ ነው፤ ባበዛ ምጽዋት ብለህ ትቀየማለህ። እኔን መዝፈን ያስተማረችኝም እንደዚህ ነበር የምታደርገው፤ ሌላ አላየሁም።»

እሱ መጠየቅ አይችልም፣ እሷ መስጠት አትችልም፤ ብርቱካኑ መሐላቸው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም እየተዋደዱ እንደዚያ ቆመው ሊቀሩ ነበር።

እማ ሰዓቷን አየች። «እኛ ጋ የሚጠይቅም የለም፣ የሚሰጥም የለም» አለች። «ሣጥን አለ። ደንበኛ ለማንም ዲለር ይስጥ፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሺፍቱ ሲያልቅ ሁሉም እያየ ተቆጥሮ ይከፋፈላል። እኔ አንቺን አላመሰግንሽም፣ አንቺም ለኔ ቸር አትባዪም። ድርሻ ነው፣ አለቀ።»

ወይዘሮ ማላ አሰበች። «እኩል?»

«እኩል።»

«ሰው የሚመጣው እኔን ሊሰማ ነው። ዓመታት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ጋራዡ የኔ ነው…»

«እኩል አልፈልግም» አለ ጋሽ ሱሬሽ። እማ በድንጋጤ ዞረች። «ሸክሙ የሷ ይበዛል። ስትሳሳት የሚታየው እሷ ላይ ነው። ሲሶ ይበቃኛል።»

«ሲሶ?» አለች እማ። «ጋሽ ሱሬሽ፣ ለርስዎ ነው እኮ የምከራከረው!»

«ለኔ ከሆነ እኔን ስሚኝ።»

«ሲሶማ ያንሳል» አለች ወይዘሮ ማላ፣ ደግሞ እሷ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ያወሩ ጀመር። ማን ለማን እንደሚከራከር ጠፋኝ።

«ስሙ!» አለ አባ። ቁምጣ ለብሶ፣ ባንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። «እኔ ማታ ሥራ አለኝ። እሷ ሦስት እጅ፣ እሱ ሁለት እጅ። አሁን ሂዱና ከበሮውን ምቱልኝ።»

ተያዩ። ሁለቱም ራሳቸውን በአንድ ጊዜ ወዘወዙ፣ የሕንዱን እሺ። ጋሽ ሱሬሽ ግን አልጨረሰም። «ማስታወቂያው ላይ ስሜም ይጻፍ» አለ።

«አልተጻፈም እንዴ?» አለች ወይዘሮ ማላ። ስልኳን አውጥታ አየች። ሌላ ማስታወቂያ አየች፣ ሌላም። ብዙ ቆየችበት። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ብርቱካኑን አነሳችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

በዚያው በስልክ እየተላከ እየተከፋፈለ ክረምቱ አለፈ፤ 2021 ገባ፣ ሽማግሌዎቹ ክትባታቸውን ወሰዱ። ጋሽ ሱሬሽ ለልጁ በየወሩ «ይሄን ወር ልየው» እያለ ነው የቆየው፤ የኪራይ ውሉ የሚያልቀው በፀደይ ነበር። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ማላ ሰው ጠራች። ታጣፊ ወንበር ደጇ ላይ ተራርቆ ተደረደረ፤ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው አጠገብ ተቀመጠ። እማ የኮርንፍሌክስ ማስቀመጫችንን፣ ያንን ውስጡን የሚያሳየውን ፕላስቲክ፣ አጥባ አመጣችና የገንዘብ ሣጥን አድርጋ መግቢያው ላይ አስቀመጠችው። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁለት ስም፣ አንዱ ካንዱ ሥር፣ ፊደሉ እኩል።

ያን ቀን ወይዘሮ ማላ ያቺን ቃሏን ስትይዝ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ጋሽ ሱሬሽን እያየች ነው የያዘቻት። እሱም እያያት ጠበቃት። አብረው ምቱ ላይ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ጉልበቱን መታ። ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ነው ያሳየሁት።

ሲያልቅ እማ ጠረጴዛ አስመጣች። ሣጥኑን ገለበጠች፤ ወይዘሮ ማላ በስልክ የተላከውን ጮክ ብላ አነበበችና የዚያኑ ያህል በጥሬ ገንዘብ ጨመረች። እማ ብሩን በየዓይነቱ ለየችው። ከዚያ ማደል ጀመረች። ሦስት ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ እጇ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም። ሰዉ ወንበሩን ትቶ ከበበ። ከዘፈኑ እኩል ለዚያም አጨበጨቡ፤ እማ ቀላች።

ጋሽ ሱሬሽ ድርሻውን ከማንም እጅ አልተቀበለም። ከጠረጴዛው ላይ አነሳው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማንንም አላመሰገነም፤ ማንም አልጠበቀም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለልጁ ደወለ። «በእንግድነት እመጣለሁ» ሲላት ሰማሁ። «ለመኖር አልመጣም። ሥራ አለኝ።» አባ ካርቶኖቹን የት እንደሚያደርጋቸው ሲጠይቅ ጋሽ ሱሬሽ «አገኘህ እንዴ?» አለው፤ አባ እግሩን አየ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ገና በዙም ነው፤ ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረናል፣ ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሌላ ከተማ የተጋበዘች ዘማሪ ዘመረች፤ ከኋላዋ አንድ ወንድም ኪቦርድ ይመታል። ከዚህ በፊት ያየሁት ሰው ነው፣ በየሳምንቱ እዚያ ነው፤ ያን ቀን ግን እጁን አየሁ። ስታዘገይ ይጠብቃታል። ዝማሬው ሲያልቅ ፓስተሩ ተነሱና፣ ቅዱሳን፣ እህታችን ሩቅ መጥታ አገልግላናለች፣ የፍቅር ስጦታችንን እንላክላት አሉ፤ ቁጥሩም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

እጄን ዘረጋሁና ማይኩን ከፈትኩ። «ፓስተር» አልኩ፣ አባም እማም ሳይደርሱብኝ፣ «የኪቦርዱ ወንድምስ ድርሻው በየት ነው የሚላከው?»